ሥዕሉ መሃሉ ነው፦ ልጆችን ከሥዕል ታሪክ መፍጠር ማለማመጃ

ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ አንድ ሥዕል ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ታሪክ እንድትነግረኝ ነበር ሐሳቤ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሻ።»

«ይሄስ?»

«ኳስ።»

«ጎበዝ! ይሄስ?»

«ዛፍ።»

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሥዕሉ ላይ ያለውን ሁሉ ቆጥረን ጨረስን። ታሪክ ግን የለም። «በይ አሁን ታሪክ ንገሪኛ» ስላት ቀና ብላ አየችኝና «ነገርኩሽ እኮ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጠየቅኳትን መልሳለች። ስም ጠየቅኳት፣ ስም ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ በቤትም በክፍልም ከብዙ ልጆች ጋር ይህንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ። አሁን ሥዕልን የማየው እንደቆመ ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት የሆነ ነገር አለ። ከዚያ በኋላም የሚሆን ነገር አለ። ሥዕሉ የሚያሳየን መሃሉን ብቻ ነው። ልጁ ሁለቱን ጫፎች ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ጥያቄ ጣል አድርገን አፋችንን እንይዛለን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

መጀመሪያ ሥዕሉን ምረጡ

ግማሹ ሥራ እዚህ ጋ ያልቃል። የማይሆን ሥዕል ከያዛችሁ የቱንም ያህል ብትጠይቁ ታሪክ አይወጣውም።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት የእንስሳት፣ የፍራፍሬ፣ የአካል ክፍሎች ሥዕሎች የተሠሩት ስም ለማስተማር ነው። ለዚያ ጥሩ ናቸው። ለታሪክ ግን አይሆኑም። አንበሳው ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ምንም አያደርግም፤ የትም አይሄድም። ልጁ «አንበሳ» ብሎ ዝም ቢል አይፈረድበትም።

የሚያስፈልጋችሁ ሥዕል ላይ ፊቱ የሚታይ ሰው ወይም እንስሳ ይኑር። የተጀመረ ግን ያላለቀ ነገር ይኑር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልተነገረ ነገር ይኑር። ለምሳሌ ወንበር ላይ ቆሞ ከመደርደሪያው ጫፍ የሆነ ነገር ለማውረድ የሚንጠራራ ልጅ። ወይም ሦስት ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ፣ የሚያዩት ነገር ግን ሥዕሉ ውስጥ የሌለበት። ወይም በዝናብ መሃል ዣንጥላውን አጥፎ በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰውዬ። ይሄን የመጨረሻውን በጣም ነው የምወደው። ያሳየሁት ልጅ ሁሉ «እንዴ፣ ለምን አይዘረጋውም?» ይላል። ልጁ «ለምን» ካለ ታሪኩ ተጀምሯል ማለት ነው።

ሥዕሉ ይሠራ እንደሆነ የምለይበት አንድ ዘዴ አለኝ። ለልጁ ከማሳየቴ በፊት ራሴን «ከዚህ በኋላ ምን ይሆናል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁለት የተለያዩ መልሶች ቶሎ ከመጡልኝ እወስደዋለሁ። አንድ ብቻ ከመጣ እጠራጠራለሁ። ምንም ካልመጣልኝ ቦታው እመልሰዋለሁ።

ሥዕል ለማግኘት ብዙ መልፋት አያስፈልግም። የድሮ መጽሔት አለ። ያለፈበት ካላንደር አለ። ቃል የሌላቸው የሥዕል መጻሕፍትም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ያህል ናቸው። ጽሑፍ ያለበት መጽሐፍ ከሆነ ግን ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኑት። ማንበብ የጀመረ ልጅ ፊደል ካየ ያነባል እንጂ አይፈጥርም።

የቤተሰብ ፎቶም ይሆናል፤ ግን ልብ በሉ። ልጁ ፎቶው የተነሳበትን ቀን ካወቀው የሆነውን ይነግራችኋል እንጂ አዲስ ነገር አይፈጥርም። ዓይን አፋር ልጅን ለማስጀመር ግን ወደር የለውም፤ የሚያውቀውን ስለሚያወራ አይፈራም። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ከሆነ ስልኩን እናንተው ያዙት። ልጁ ከያዘው ጣቱ ወደሚቀጥለው ፎቶ ይሸሻል፤ ትንሽ ቆይታችሁ ቪዲዮ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሥዕሉ ብዙ ሰው የሞላበት ከሆነ፣ ለምሳሌ መናፈሻ ወይም የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ትንሹ ልጅ ከየት እንደሚጀምር ይጨንቀዋል። ወፈር ያለ ወረቀት መሃል ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ቀዳዳ ቁረጡና ሥዕሉ ላይ አንቀሳቅሷት። ቀዳዳዋ ውስጥ የገባውን አንድ ሰው ብቻ ይዞ ይጀምራል።

ከማውራት በፊት ይታይ

ሥዕሉን አስቀምጡና ዝም በሉ። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። «አሁን ዓይንህ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አፍህ ይረፍ» እላለሁ እኔ። ልጆች ይሄን ይወዱታል፤ አንዳንዱ አፉን በእጁ ይይዛል።

ከዚያ ሥዕሉን ገልብጡትና «ምን ምን አየህ?» በሉት። መልሰው ሲያዩት ያላዩትን ያገኛሉ። «አሃ! ድመትም ነበረች!» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚወለደው ከዚያች መጀመሪያ ካልታየች ድመት ነው።

ሌላው መንገድ ሥዕሉን በባዶ ወረቀት ሸፍኖ ቀስ በቀስ መግለጥ ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለው ፊት ብቻ ይታይ። ዓይኑ ፈጧል። «ምን አይቶ ይመስልሃል?» ልጁ «እባብ!» ይላል። ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት እጁ ላይ ፊኛ አለ። ግምቱ ልክ ስላልሆነ ምንም አልጠፋም። እንዲያውም አሁን ሁለት ታሪክ አለው፤ የእባቡና የፊኛው። የቱን እንደሚፈልግ ጠይቁት።

ጥያቄው

«ምንድን ነው?» ብትሉ ስም ታገኛላችሁ። «ስንት ናቸው?» ብትሉ ቁጥር። «ደስ ይላል አይደል?» ካላችሁ ደግሞ «አዎ» ትባላላችሁ፤ ያ ነው። «ምን እየሆነ ነው?» ስትሉ ግን ልጁ ግሥ መፈለግ ይጀምራል። ግሥ ከመጣ ደግሞ የሚያደርግ ሰው ይመጣል፣ ምክንያት ይመጣል።

አቢጌል ሃውሰን የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪና ፊሊፕ የናዋይን የተባለ የሙዚየም ትምህርት ባለሙያ ሰዎች ሥዕል አስተውለው እንዲያዩ ለማለማመድ በሦስት ጥያቄ ላይ የቆመ ዘዴ አበጅተዋል። ጥያቄዎቹ በአማርኛ ሲመለሱ እንዲህ ይሆናሉ፦ ሥዕሉ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? እንደዚያ ያስባለህ ምን አይተህ ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ዘዴው ታሪክ ለማስፈጠር ተብሎ የተሠራ አይደለም። ግን ለእኛም ሥራ ልክ ይሆናል። ሁለተኛዋ ጥያቄ በተለይ ወርቅ ናት። ልጁ «ሰውዬው ተናዷል» ይላል። «ምን አይተህ ነው?» ስትሉት «እጁን ጨብጧል፣ ደግሞ ዣንጥላውን አልዘረጋም» ይላል። በቃ፣ ለታሪኩ መረጃ መሰብሰብ ጀመረ።

አነጋገራችሁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «እንዴት አወቅክ?» የሚለው በቁጣ ድምፅ ከተባለ ምርመራ ይመስላል። ልጁ የተሳሳተ መስሎት ሐሳቡን ይቀይራል።

ከጠየቃችሁ በኋላ ጠብቁ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች አስተማሪዎች ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ዝምታው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ፤ «አላውቅም» የሚለውም ቀነሰ። ልጁ መልሶ ከጨረሰ በኋላም መጠበቅ እንደሚጠቅም አይታለች። 3 ሰከንድ ሲወራ አጭር ነው። ፊት ለፊት ልጅ አስቀምጦ ዝም ሲሉት ግን ዓመት ይመስላል። እኔ ጠረጴዛ ሥር በጣቴ እቆጥራለሁ። እስከ አምስት። ብዙ ጊዜ አራት ላይ ይመጣል።

ሦስቱ ወረቀቶች

ሥዕሉን ጠረጴዛው መሃል ላይ አድርጉት። በግራው አንድ ባዶ ወረቀት፣ በቀኙ ሌላ ባዶ ወረቀት አስቀምጡ። ግራው «ከዚህ በፊት» ነው። ቀኙ «ከዚህ በኋላ» ነው። ልጁ ባዶዎቹን በወሬ ወይም በሥዕል ይሞላል። ለትንንሾች «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው ግራ ያጋባሉ። ወረቀቱን በጣት እየነኩ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ማለት ይቀላል።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ሥዕሉ ላይ አንድ ልጅ በር ላይ ቆሟል። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፣ ሌላው ባዶ ነው። እጁ ላይ ረጅም ዱላ አለ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ብዙ የማያወራ።

«ምን እየሆነ ነው?»

«ቆሟል።»

ጣቴን መቁጠር ጀመርኩ።

«ጫማው የለም።»

«ጫማው የለም» አልኩ እኔም።

«አንዱ ጠፍቶበት ነው።»

የግራውን ወረቀት ትንሽ ወደሱ ገፋ አደረግኩለት። «እዚህ ጋ፣ ጫማው ሳይጠፋ፣ ምን ነበር?»

ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ባዶ ወረቀት እንደዚያ ሲታይ አይቼ አላውቅም። «ወንዝ ጋ ነበር። ጫማውን አወለቀ። አንዱን ውሃው ወሰደበት።»

«እሺ፣ ዱላውስ?»

«ሊያወጣበት ነበር። አልደረሰለትም።»

የቀኙን ወረቀት ነካሁ። «ከዚህ በኋላስ?»

«እናቱ ልትቆጣው ነው።» ትንሽ ቆየና ራሱን ነቀነቀ። «አይ ቲቸር። እናቱም አንድ ጫማ የላትም።»

«እንዴ! የሷስ የት ሄደ?»

«እሷም ልጅ ሆና ወንዝ ወስዶባት።»

እኔ ሥዕሉን ስመርጥ ዱላው ውሻ ማባረሪያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ውሻው ጫማውን ነጥቆ ሲሮጥ ሁሉ ታይቶኝ ነበር። አንዴ «ውሻ ይሆን እንዴ?» ብል ኖሮ ልጁ «አዎ ውሻ ነው» ብሎኝ ያርፍ ነበር። ወንዙም እናቱም አይመጡም። የምታውቁትን ታሪክ ለራሳችሁ ያዙት።

ቅደም ተከተሉንም አትገልብጡት። መሃሉ ይቅደም፣ ከዚያ ግራው፣ ከዚያ ቀኙ። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ከቀኙ ከጀመራችሁ አብዛኛው ልጅ «ቤቱ ሄዶ ተኛ» ብሎ ይዘጋላችኋል። መነሻው ከታወቀ ግን መጨረሻው ዝም ብሎ መተኛት ሊሆን አይችልም፤ የጠፋ ጫማ አለና።

«ከዚያ»፣ «ከዚያ»፣ «ከዚያ»

ልጆች ታሪክ የሚሰፉት በ«ከዚያ» ነው። ከዚያ ሄደ፣ ከዚያ በላ፣ ከዚያ ተጫወተ። አማርኛም ለዚህ ይመቻል፤ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ፈርቶ፣ ተመልሶ፣ ተደብቆ» እያለ ልጁ ትንፋሹ እስኪያልቅ ማሰሪያ አንቀጽ ሳያይ ይጓዛል። ነገሩ ይደረደራል እንጂ አንዱ ሌላውን አይወልድም።

እኔ የምጠቀመው ትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ነው። አንዱ ላይ «ግን» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላው ላይ «ስለዚህ»፤ ሌላው ላይ «ድንገት»። ማንበብ ለማይችሉት በቀለም እለያቸዋለሁ፤ ቀዩ «ግን» ነው። ልጁ ሲያወራ ቆይቶ «ከዚያ» ላይ ሲደጋግም አንድ ወረቀት ይመዛል። «ሰውዬው ወደ ቤቱ ሄደ...» ብሎ ቀዩን ካወጣ «ግን» ብሎ መቀጠል አለበት። «...ግን በሩ ተቆልፏል።» አሁን ታሪክ ሆነ።

ወረቀት ማዘጋጀት ካልተመቻችሁ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ምን ፈልጎ ነው?» እና «ምን ከለከለው?» የሚፈልግ ሰውና የሚከለክል ነገር ካገኛችሁ የቀረውን ልጁ ራሱ ይጨርሰዋል። አንድ እንቅፋት በቂ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ እንቅፋት ከጨመራችሁ ልጁ ይደክመውና ሁሉንም ሰው ገድሎ ይገላገላል።

ያለውን ጻፉለት

ታሪኩ ቅርጽ ሲይዝ እስክሪብቶ አንሱና ልጁ ሲናገር ጻፉ። እናንተ ባሰማመራችሁት ሳይሆን እሱ ባለው ቃል። «ጫማው ቡጭቅ ብሎ ሄደ» ካለ «ቡጭቅ» ይጻፍ። ከዚያ በጣታችሁ እያሳያችሁ አንብቡለት። አፉ ያወጣው ነገር ወረቀት ላይ ሲቀመጥና ተመልሶ ሲነበብለት የሚያሳየውን ፊት ማየት ነው። አንዳንዱ ያስቆማችኋል፤ «እንደዚያ አላልኩም!» ይላል። አርሙለት። ደራሲው እሱ ነው።

ቪቪያን ፔሊ የተባለች አሜሪካዊት የአጸደ ሕፃናት መምህር በዚህ ዘዴ ትታወቃለች። ልጆቹ ታሪካቸውን ይነግሯት ነበር፣ እሷ ትጽፍ ነበር፤ በኋላ ታሪኩ ሲነበብ የክፍሉ ልጆች ይተውኑት ነበር። ይሄን በሥዕል ታሪክም ሞክሩት። አንዱ ወንዝ ይሆናል፣ አንዷ ጫማ ትሆናለች። የጫማዋን ቦታ ለመውሰድ እንዴት እንደሚጋፉ ብታዩ!

የሰዋስው ስሕተትስ? ሲወራ አታቋርጡ። ልጁ «ድመቷ ዛፍ ላይ ወጣና ወደቀ» ቢል «ወጣች ነው የሚባለው!» አትበሉ። «ውይ! ድመቷ ወጣችና ወደቀች? ከዚያስ?» በሉ። ትክክለኛውን ሰማ፤ ታሪኩም አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ለልጆቻቸው የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ክፍት ጥያቄ እንዲጠይቁና ልጁ ያለውን ትንሽ አስፍተው እንዲመልሱለት የተለማመዱ ወላጆች ነበሩ። አንድ ወር ብቻ ነው የሠሩት። የእነዚያ ልጆች ሐሳብን በቃል የመግለጽ ችሎታ እንደተለመደው ሲነበብላቸው ከቆዩት በልጦ ተገኝቷል። ልጆቹ ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ገደማ ነበሩ።

በዕድሜ

ለሦስትና አራት ዓመት ልጅ አንድ ሥዕል፣ አንድ ሰው፣ አምስት ደቂቃ። ታሪኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ሙሉ ታሪክ ነው። አምስትና ስድስት ላይ ሦስቱ ወረቀቶች ይሠራሉ። ከሰባት በላይ ያሉትን ተናጋሪ አስቀይሯቸው፤ ያንኑ ታሪክ ዣንጥላው ቢያወራው እንዴት ይሆናል? መጻፍ ከቻሉ ራሳቸው ይጻፉ፤ ግን መጀመሪያ በአፋቸው ይንገሩት። ሳያወሩ በቀጥታ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ይሆናል፤ ፊደሉ ሐሳቡን ይበላዋል።

በተከታታይ ሥዕሎች ስትሠሩ

ሦስት ወይም አራት ካርድ ሆነው የሚመጡ ሥዕሎች አሉ። ልጁ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፣ ከዚያ ይተርካል። ጥሩ ልምምድ ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። አራቱ ካርዶች አንዲት ልጅ ዘር ስትዘራ፣ ስታጠጣ፣ ሲበቅል፣ በመጨረሻም አበባውን ስትቀጥፍ የሚያሳዩ ነበሩ። አንዱ ልጅ የአበባውን ካርድ መጀመሪያ ላይ አደረገው። እኔ ፈጠን ብዬ አንስቼ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩለት። ልጁ ምንም አላለም። ሥራው አልቆ እየወጣን ሳለ «ሕልም ነበር እኮ» አለኝ። መጀመሪያ አበባውን በሕልሟ አየች፤ ለዚህ ነው የዘራችው። ከካርዱ ሠሪዎች ታሪክ የሱ ይበልጥ ነበር። እኔ ነኝ የነጠቅኩት።

ስለዚህ ካርድ የተዛባ ሲመስላችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ «እንዴት ሆኖ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያት ካለው ልክ ነው። ምክንያት ከሌለው ሲያወራው ራሱ ያስተካክለዋል።

ልጁ መደርደሩን ከለመደው ጨዋታውን አጣሙት። ሦስተኛውን ካርድ ደብቁና ቦታውን ባዶ ተዉት፤ የጎደለውን ይሙላ። ወይም ከሌላ ስብስብ አንድ የማይገናኝ ካርድ አስገቡ። የዘሪዋ ልጅ ታሪክ መሃል መሰላል ቢገባስ? ሁለት የማይገናኙ ሥዕሎች፣ ለምሳሌ መሰላልና ዓሣ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚወጣው ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተደረደረው ይሻላል። ዓሣው መሰላሉን ምን ሊያደርግበት ነው? እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ልጆቹ ብዙ ሲሆኑ

አርባ ልጅ አንድ ሥዕል ማየት አይችልም። ከኋላ ያሉት የሚያዩት የፊተኛውን ልጅ ጭንቅላት ነው። አራት አራት፣ አምስት አምስት አድርጋችሁ ከፋፍሏቸው። ለሁሉም ቡድን ያንኑ ሥዕል ስጡ። ሲጨርሱ የሁሉም ይሰማ። ከአንድ ሥዕል ብዙ ታሪክ መውጣቱን ሲያዩ «የኛ ነው ልክ» የሚለው ክርክር ይነሳል። ያኔ ሁሉም ልክ እንደሆነ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ ላይ አያምኑም።

በየቡድኑ ተናጋሪው አንድ ልጅ ብቻ እንዳይሆን ኳስ ወይም የታሰረ ካልሲ ይያዝ። የያዘው ብቻ ያወራል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብሎ ያቀብላል። ሁሉን የሚያውቀው ፈጣኑ ልጅ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ። እሱ ከጀመረ ሌላው ተከታይ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሲያቅት

«አላውቅም» የሚል ልጅን አትለምኑት። እናንተ የማይሆን ታሪክ ጀምሩ። «ይሄ ሰውዬ ዣንጥላውን ያልዘረጋው ዣንጥላው እንቅልፍ ስለወሰደው ነው።» ልጁ ይስቅና «ኧረ አይደለም!» ይላል። «ታዲያ?» በሉ። አዋቂን ማረም የማይወድ ልጅ አላየሁም።

ያየውን ካርቱን የሚደግም ልጅ አለ። ይድገም። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከሰማው ነው። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀይር ጠይቁት፤ ጀግናው እንደዚያ ባይሮጥ፣ እግሩን ቢያመው ምን ይሆናል?

ድብደባና ሞት ብቻ የሚያወራም አለ፤ በተለይ አምስትና ስድስት ዓመት ላይ። ብዙ ጊዜ ጨዋታ ነው። «ከዚያ ማን ተረፈ? ያ የተረፈው ምን አደረገ?» ስትሉት ታሪኩ ይቀጥላል። ከአንድ ታሪክ ተነስቶ የልጅን ልብ አነበብኩ ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ያው አስፈሪ ታሪክ ደጋግሞ ከመጣና ልጁ ሲያወራው የሚጨነቅ ከሆነ ሥዕሉን አስቀምጣችሁ በቀስታ አውሩት፤ ካስፈለገም ባለሙያ አማክሩ።

«ጎበዝ»ን ቆጥቡት። እኔም ያመልጠኛል። ግን ልጁ «ጎበዝ» ከሰማ በኋላ ታሪኩን ትቶ ሌላ «ጎበዝ» ማደን ይጀምራል። «እናቱም አንድ ጫማ የላትም ስትል ደነገጥኩ» ብትሉት ታሪኩን እንደሰማችሁ ያውቃል።

ማቆሚያው

ልጁ «አለቀ» ካለ አልቋል። ለእናንተ ገና መሃል ላይ ቢሆንም። «ሌላስ? ሌላስ?» እያላችሁ ካደረቃችሁት በሚቀጥለው ሥዕል ስታወጡ ሽሽት ይጀምራል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ለብዙው ልጅ በቂ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑንና የልጁን ዕድሜ ጻፉበት፣ ሥዕሉን አያይዙትና አስቀምጡት። ከሥር ግን ጥቂት ባዶ መስመር ተዉ።

ባዶውን መስመር የለመድኩት በልጄ ምክንያት ነው። ስለ ሰውዬውና ስለ ዣንጥላው ጠይቄያት «አላውቅም፣ አለቀ» ብላኝ ነበር። እኔም ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ፀጉሯን እየሠራሁላት ሳለ፣ ስለ ምንም ነገር ሳናወራ፣ «እማዬ» አለችኝ። «ዣንጥላው ውስጥ ወፍ ተኝታ ነው እኮ።» ማበጠሪያውን አስቀምጬ ወረቀቱን ፍለጋ ሄድኩ።